የአብርሃምና የሣራ ይሁን

ሠርግ ቤት ሽማግሌ ሲመርቅ ‹‹ጋብቻችሁን የአብርሃምና የሣራ ያድርግላችሁ›› ይላል። እኛም ‹‹አሜን!›› እንላለን። ሣራ ይስሐቅን ስትወልድ ዘጠና ዓመቷ እንደነበር፣ ከዚያ በፊት ስንት ዓመት እንዳነባች ግን ማን ልብ ይላል? የኦሪት ጸሐፊ ሴት የመውለጃ ዘመኗ እንደሚያልፍ አሳምሮ ያውቅ ነበር። ተአምሩ ተአምር የሆነውም ለዚህ ነው።

ምክንያቱን ለማወቅ ግን እጅግ ብዙ ዘመን ፈጀ። ሆላንዳዊው ሐኪም ደ ግራፍ በ1672 እ.ኤ.አ. በሴት የእንቁላል እጢ ላይ ያሉትን ከረጢቶች በዝርዝር ጽፎ፣ እነሱኑ እንቁላል አድርጎ ቆጠራቸው። እውነተኛዋን እንቁላል ያየው ፎን ቤር ነው፤ በ1827፣ ያውም በውሻ ላይ።

ጣይቱ ምኒልክን በ1875 ዓ.ም. ሲያገቡ ሠላሳውን አልፈው ነበር። ልጅ አላገኙም፤ በ1901 ዓ.ም. አልጋ ወራሽነቱ የታወጀው ለምኒልክ የልጅ ልጅ ለኢያሱ ነው። ንጉሡ ከሌላ የወለዷቸው ልጆች ስለነበሩ፣ ሐሜቱ ወደ ማን እንደሚያዘነብል አንባቢ አያጣውም። ዕድሜ ይሁን ሌላ ሕመም፣ በዚያን ዘመን የሚመረምር አልነበረም።

ቆጠራው የመጣው በ1963 እ.ኤ.አ. ነው። ቤከር የተባለ ተመራማሪ እንዳገኘው፣ ሴት ልጅ በእናቷ ማኅፀን አምስት ወር ሲሆናት ወደ 7 ሚሊዮን እንቁላል አላት፤ ስትወለድ ወደ 2 ሚሊዮን ይወርዳል። ለአቅመ ሔዋን ስትደርስ የሚተርፋት ከ300 እስከ 400 ሺሕ ቢሆን ነው። ጎተራው አንዴ ይሞላል፤ ሁለተኛ መኸር የለውም። አገባች አላገባች፣ ወለደች አልወለደች፣ መጉደሉን አይተውም። ከሠላሳዎቹ አጋማሽ ወዲህ የቀሩትም እየደከሙ ይሄዳሉ፤ ማርገዝ ይከብዳል፣ ውርጃም ይበዛል። ሃምሳ ዓመት አካባቢ የወር አበባ ይቋረጣል።

ይህን እውነት ለሴት ልጆቻችን በጊዜ ልንነግራቸው ይገባል። እኛ ግን በጊዜው ዝም ብለን፣ ካለፈ በኋላ ስድብ እናደርገዋለን።

ባለፈው ሰሞን የቀድሞ ተማሪዬ መጣች። ሠላሳ ስምንት ዓመቷ ነው። አማቷ ‹‹መካን›› ብለዋታል። ልጅ ካጡ ጥንዶች መካከል ግማሽ በሚጠጉት ላይ የወንዱም ችግር ድርሻ እንዳለው ሐኪሞች ይናገራሉ። እሷ ሦስት ጊዜ ተመርምራለች፤ እሱ አንድም ጊዜ።

‹‹ጋሼ፣ እሱን ‹ተመርመር› ብሎ ማን ይንገረው?›› አለችኝ።

ሠርጋቸው ላይ ከመረቁት ሽማግሌዎች አንዱ እኔ ነበርኩ። ‹‹ስልኩን ስጪኝ›› አልኳት።