ትክል፣ ምትክ፣ ወኪል፦ የአንድ የጥርስ ሕክምና ስያሜ ታሪክ

የአንድ መሣሪያ ስም ከአሠራሩ ታሪክ ተነጥሎ ሲተረጎም ስሕተቱ በወረቀት ላይ ብቻ አይቀርም። ለዚህም በጥርስ ሕክምና «ኢምፕላንት አናሎግ» የሚባለውን ዕቃ በአስረጅነት እናቀርባለን።

ስዊድናዊው ተመራማሪ ፔር ኢንግቫር ብሮነማርክ እ.ኤ.አ. በ1952 ቲታኒየም ከጥንቸል አጥንት ጋር እንደሚዋሐድ አስተዋሉ፤ በ1965 ደግሞ በጎተንበርግ በሰው መንጋጋ ውስጥ የቲታኒየም ብሎኖችን ተከሉ። ይህን ኢምፕላንት «ትክል» ብንለው፣ ቃሉ ከ«ተከለ» የወጣና በ«ትክል ድንጋይ» የታወቀ ስለ ሆነ ለአማርኛ እንግዳ አይሆንም።

በትክሉ ላይ የሚያርፈው ሰው ሠራሽ ጥርስ ግን የሚሠራው ከአፍ ውጪ፣ በሞዴል ላይ ነው። ስለዚህ በሞዴሉ ውስጥ በትክሉ ስፍራ የሚቆም ሌላ ብረት ያስፈልጋል፤ አናሎግ የሚባለውም ይኸው ነው። በቀድሞው አሠራር ባለሙያው አናሎጉን ከአፍ በተወሰደው ልክ ላይ ካለው ማያያዣ ጋር አስቀድሞ ያስርና ጀሶ ያፈስበታል፤ ጀሶውም ብረቱን እንደ ያዘ ይደርቃል። ቻርልስ ሀል በ1984 ያመለከቱበት፣ በ1986 የፈጠራ መብት ያገኙበት፣ በብርሃን የሚጠጥር ሬዚንን በድርብርብ የማተም ዘዴ ውሎ አድሮ ወደ ጥርስ ሥራ ሲገባ ግን ቅደም ተከተሉ ተገለበጠ። ሞዴሉ ከነቀዳዳው ይታተማል፤ አናሎጉ ኋላ ይገባበታል። ቀዳዳው ከጠበበ ብረቱ ከፍ ብሎ ይቀራል፤ ከሰፋ ይዞራል፤ በሁለቱም ጊዜ የተሠራው ጥርስ አፍ ውስጥ በትክክል አይገጥምም።

ይህ ለውጥ ስያሜውንም ይነካል። «ምትክ» እንዳንል፣ ትክሉ ራሱ የጠፋው የጥርስ ሥር ምትክ ነውና ሁለቱ ይምታታሉ። «አምሳያ» እንዳንል፣ ለታተመ ሞዴል የሚዘጋጀው አናሎግ ትክሉን መምሰል ያለበት ጥርሱ በሚያርፍበት አናቱ ላይ ነው፤ ግንዱ ብዙ ጊዜ እንዳይዞር ጠፍጣፋ ጎን ያለው፣ አንዳንዱም ከሥር በብሎን የሚታሰር ነው።

ስለዚህ «የትክል ወኪል» የሚለውን ስያሜ እናቀርባለን። ወኪል የወከለውን ሰው በመልክ እንዲመስል አይጠየቅም፤ ግዴታው ያ ሰው በሌለበት በስፍራው ቆሞ ጉዳዩን በታማኝነት ማድረስ ነው። አናሎግም የትክሉን ጥልቀት፣ ዝንባሌና አቅጣጫ ያደርሳል።

ግሡም ይለይ እንላለን፤ «መትከል» ለአጥንት ብቻ ይቀመጥ፣ ለሞዴሉ «መሰካት» ይበቃል። በመመሪያ ላይ «ወኪሉ ይተከላል» ተብሎ ቢጻፍ አንባቢው መንጋጋውን ይሁን ሞዴሉን በምን ያውቃል? ወደ አፍ የሚገባውን ብረት ከማይገባው መለየት የተርጓሚውም ኃላፊነት ነው።