ዘንጉን ያየ ይስታል

«ጦርነት»፣ «ጦር ሜዳ»፣ «ጦር ሠራዊት» እንላለን። የውጊያን ስም ለጦር ሰጥተን ቀስትን ለደመና ተውነው። የጥንቱ የሸዋ ወታደር ዋና መሣሪያም ጦርና ጋሻ ነበር። ጦር ደግሞ እንደ ጠመንጃ ማነጣጠሪያ የለውም። ታዲያ እንዴት ያገኝ ነበር?

መልሱን ያገኘሁት አንድ የጥምቀት ሰሞን ደብረ ብርሃን ላይ ፈረስ ጉግስ ሳይ ነው። አሳዳጁ ዘንጉን የሚወረውረው ሸሺው አሁን ወዳለበት ሳይሆን ወደሚደርስበት ነው። አጠገቤ የቆሙ አዛውንት፣ «ልጄ፣ ዘንጉን ያየ ሰውዬውን ይስታል» አሉኝ። ዓይን ከዒላማው አይነቀልም፤ ርቀቱንና ፍጥነቱን ክንድ በልምድ ይለካዋል። ያለ ማነጣጠሪያ የሚወረውር ቀስተኛም ሕጉ ይኸው ነው።

በ1833 ዓ.ም. የእንግሊዝ መልእክተኛ ካፒቴን ሃሪስ ለንጉሥ ሣህለ ሥላሴ 300 ጠመንጃና መድፍ ገጸ በረከት ይዞ ሸዋ ገባ። የአንኮበሩ ንጉሥ የዘመኑን መሣሪያ አጥብቀው ይሹ ነበርና በደስታ ተቀበሉት። አልተሳሳቱም፤ መጪው ዘመን የነፍጥ ነበር።

ነገር ግን ጠመንጃ በስጦታ ይገኛል፣ ግምጃ ቤትም ይቀመጣል። የጉግሰኛ ዓይን ከልጅነት ካልሠለጠነ አይገኝም፤ ማስቀመጫም የለውም። ያን ዕለት የቆጠርኳቸው ፈረሰኞች ከአሥር አይበልጡም፤ ወጣቶቹ ሁለት ነበሩ።