አስተርጓሚ ያጣው ስክሪን

እንደሚታወቀው በሜይ 1991 በዘመቻ ሰሎሞን ከ14,000 የሚበልጡ ወገኖቻችን በ36 ሰዓት ያህል ጊዜ ውስጥ ከአዲስ አበባ ወደ እስራኤል ገቡ። በዚያው ዓመት፣ ኦገስት 25 ቀን፣ ሊኑስ ቶርቫልድስ የተባለ የ21 ዓመት የፊንላንድ ተማሪ አንድ የኮምፒውተር ሥርዓት በመሥራት ላይ መሆኑን ለዓለም አስታወቀ። ይህ ሥርዓት በኋላ ሊኑክስ ተባለ። ሁለቱ ነገሮች የሚገናኙ አይመስሉም። ይሁን እንጂ ሊኑክስ ያለ ክፍያ የሚገኝና በአሮጌ ኮምፒውተር ላይም የሚሠራ በመሆኑ፣ በስጦታ ወይም በርካሽ ኮምፒውተር ያገኘ ቤተሰብ ከእርሱ ጋር ሊገናኝ ይችላል።

ታዲያ ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው ችግር በስክሪኑ ላይ ይታያል። ጽሑፉ ከመጠን በላይ ይገዝፋል፣ ፊደሉ ይደበዝዛል፣ አንዳንዴም ስክሪኑ ጠቁሮ ይቀራል። «ተበላሽቷል፣ ጣሉት» የሚል ምክር ወዲያው ይመጣል። ነገር ግን በአብዛኛው የተበላሸ ዕቃ የለም፤ የጠፋው አስተርጓሚ ነው።

ዕብራይስጥ ገና ያልለመደ ሰው ቁፓት ሖሊም ሄዶ አስተርጓሚ ቢያጣ፣ ሕመሙን በእጅ ምልክት ለማስረዳት ይሞክራል። ጥቂቱን ያስረዳል፤ ብዙው ይቀራል። በኮምፒውተርም ውስጥ ሥዕል የሚሠራው የግራፊክስ ካርድ የራሱ ቋንቋ አለው። በእርሱና በሊኑክስ መካከል የሚያስተረጉመው ፕሮግራም ድራይቨር ይባላል። ድራይቨሩ ሲጠፋ ሁለቱ በምልክት ብቻ ይግባባሉ። በዚህም ምክንያት 1920 በ1080፣ ማለትም ከ2 ሚሊዮን በላይ ነጥቦች ማሳየት የሚችል ስክሪን፣ 1024 በ768 ወይም ከዚያ ባነሰ መጠን ይወሰናል።

በ1990ዎቹ የሊኑክስ ተጠቃሚ ይህን ሁሉ በእጁ ይሠራ ነበር። ኤክስፍሪ86 የተባለው የስክሪን ፕሮግራም ሞድላይን የሚሉት የቁጥር መስመር እንዲጻፍለት ይጠይቅ ነበር። ቁጥሩ ቢሳሳት በዚያን ዘመን የነበረው ከባዱ ስክሪን ሊጎዳ እንደሚችል መመሪያው ያስጠነቅቅ ነበር።

በ1994 ቬሳ የተባለው የአምራቾች ማኅበር ለዚህ መላ አወጣ። እያንዳንዱ ስክሪን ኢዲአይዲ የሚባል የ128 ባይት መታወቂያ እንዲይዝ ሆነ፤ ልክ እንደ ተዑዳት ዜሁት። ኮምፒውተሩ ይህን መታወቂያ በገመዱ በኩል ያነብባል፤ የስክሪኑንም መጠን በራሱ ያውቃል። በ2009 ደግሞ ስክሪኑን የማዘጋጀቱ ሥራ ወደ ሊኑክስ ልብ፣ ወደ ከርነሉ፣ መግባት ጀመረ።

የድራይቨር ነገር ግን ረጅም ትግል ነበረበት። አንዳንድ ኩባንያዎች የካርዳቸውን ቋንቋ ምስጢር አድርገው ይይዙ ነበር። ኤኤምዲ በ2007 የካርዶቹን ማብራሪያ ማውጣት ጀመረ። ለኤንቪዲያ ካርዶች ግን ፈቃደኛ ሠራተኞች የካርዱን ቋንቋ ራሳቸው እየመረመሩ ኑቮ የተባለውን ድራይቨር ሠሩ፤ እርሱም በ2010 ወደ ከርነሉ ገባ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ማለት ይህ ነው። በመጨረሻም ኤንቪዲያ በሜይ 2022 ለአዳዲስ ካርዶቹ የድራይቨሩን የከርነል ክፍል ለሕዝብ ክፍት አደረገ።

ይህ ታሪክ እኛን ለምን ይመለከታል? የእኛ ፊደል ጥቃቅን ምልክት የበዛበት ስለሆነ ነው። ፊደላችን በ1999 በዩኒኮድ 3.0 ገብቶ በየኮምፒውተሩ የሚጻፍበት መንገድ ተከፈተ። ይሁን እንጂ ስክሪኑ ከደበዘዘ «ጁ»ን ከ«ጄ» መለየት ያስቸግራል፤ ከዘመድ የመጣ ደብዳቤ ላይ «ልጄ» የሚለው «ልጁ» ተብሎ ይነበባል። በተሰበረ ስክሪን አማርኛ ማንበብ የተማረ ልጅ ጥፋቱ የፊደሉ ይመስለዋል።

ስለዚህ ኮምፒውተሩን ከመጣላችሁ በፊት የታሪኩን ቅደም ተከተል ተከተሉ። በመጀመሪያ መታወቂያው የሚያልፍበትን ገመድ መርምሩ፤ በአሮጌ ገመድ ወይም በርካሽ መቀየሪያ በኩል ምስሉ አልፎ መታወቂያው ሊቀር ይችላል። በሌላ ገመድ ሞክሩ። ቀጥሎም በማስተካከያው ውስጥ የስክሪኑን ክፍል ከፍታችሁ ትክክለኛው መጠን በዝርዝሩ ውስጥ መኖሩን እዩ። ከሌለ ወደ ድራይቨሩ ሂዱ፤ በኡቡንቱ ላይ ተጨማሪ ድራይቨሮችን የሚያሳይ ክፍል አለ። ካርዱ በጣም አሮጌ ከሆነ የኩባንያው አዲስ ድራይቨር ላያውቀው ስለሚችል ከሊኑክሱ ጋር የመጣው ይሻላል። ስክሪኑ የጠቆረው ከርነሉ ከታደሰ በኋላ ከሆነ ደግሞ፣ ኮምፒውተሩ ሲነሣ ከሚመጣው ዝርዝር የቀድሞውን ከርነል ምረጡ።

እኛም አስተርጓሚ አጥተን «አያውቁም» የተባልንበት ጊዜ ነበር። ዕውቀቱ ግን ከእኛ ጋር ነበረ። ለኮምፒውተሩም ከመፍረዳችሁ በፊት አስተርጓሚውን ፈልጉለት፤ ይህንንም ከልጆቻችሁ ጋር አብራችሁ አድርጉት።