ያገለገለ መሰንቆ ግዢ

ያገለገለ መሰንቆ (ማሲንቆ) ግዢ ሌላ ሰው ሲጫወትበት የቆየን መሰንቆ አስመርምሮ መግዛት ነው። በአማራ ክልል በዳባት፣ በደባርቅና በስሜን ተራሮች ግርጌ፣ እንደ ሌላው የጎንደር አካባቢ ሁሉ፣ መሰንቆ በይበልጥ የሚታወቀው በአዝማሪዎች እጅ ነው። መሣሪያው በእጅ ስለሚሠራ መጠኑም ድምፁም ከአንዱ አንዱ ይለያያል፤ እንደ ፋብሪካ ጊታር የሞዴል ስም አይቶ ጥራቱን መገመት አይቻልም። ለጌጥ ብቻ ተሠርቶ ለመጫወት የማይሆንም አለ። ስለዚህ ጀማሪ ገዢ ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት አዋቂ ቢያማክር ይመረጣል።

አሠራር

የመሰንቆ ገበቴ በማዕዘኑ የቆመ፣ በቆዳ የተሸፈነ አራት ማዕዘን የእንጨት ሳጥን ነው። ረጅም አንገት፣ ከፈረስ ጭራ የተሠራ አንድ ክር፣ ክሩን የሚወጥር መቃኛና ደጋን አለው።

የሚመረመሩ ነገሮች

* ቆዳ፦ ቀዳዳ፣ ስንጥቅ ወይም ከጠርዙ የለቀቀ ቦታ እንዳይኖረው ይታያል። የላላ ቆዳ ድምፁን ያፍነዋል።
* አንገት፦ የጎበጠ ወይም ከገበቴው ጋር በሚገናኝበት ቦታ የሚነቃነቅ ከሆነ ቅኝት አይጸናም።
* መቃኛ፦ ከተወጠረ በኋላ ወደ ኋላ መንሸራተት የለበትም።
* ጭራ፦ የተበጠሰ ጭራ በሌላ ይተካል። ሙጫ ያልተቀባ ጭራ ድምፅ ስለማይሰጥ፣ ዝም ያለ መሰንቆ ሁሉ ተበላሽቷል ማለት አይደለም።

የአየር ጠባይ

ደባርቅ ቀዝቃዛ ደጋ ነው። በክረምት ቆዳው እርጥበት ስቦ ይላላል፤ ተጫዋቾች ፀሐይ ወይም እሳት ዳር በማሞቅ ያጠብቁታል። በዚህ ምክንያት ገና እንደሞቀ ጥሩ የሚሰማ መሰንቆ ሲቀዘቅዝ ሊለወጥ ይችላል። አዋቂው ከቀዘቀዘ በኋላም ደግሞ ቢሞክረው ጉድለቱ ይታወቃል።

የአማካሪ ምርጫ

ተስማሚው አማካሪ ከሽያጩ ጥቅም የሌለው አዝማሪ፣ መሰንቆ ሠሪ ወይም የሙዚቃ መምህር ነው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤትም መሰንቆ ይሰጣል። አማካሪው በትዝታ፣ በባቲ፣ በአምባሰልና በአንቺ ሆዬ ቅኝቶች ተጫውቶ ያሰማል። መሰንቆ ከዘፋኙ ድምፅ ጋር ስለሚቃኝ፣ ገዢው ራሱ አብሮ እያዜመ መሞከሩ መሣሪያው ለእርሱ የሚስማማ መሆኑን ለማወቅ ይረዳል።