የሱታር ጣትና የ23 ዓመታት ዝምታ



እ.ኤ.አ. በ1925 ሄንሪ ሱታር የተባለ ቀዶ ሐኪም በለንደን ሆስፒታል ሚትራል ቫልቭዋ የጠበበባትን አንዲት ወጣት ደረት ከፈተ፤ በግራው የላይኛው የልብ ክፍል በኩል ጣቱን አስገብቶም ቫልቩን አሰፋው። ታካሚዋ ከቀዶ ሕክምናው በሕይወት ወጣች። ከዚያ በኋላ ግን ሌላ ታካሚ የላከለት ሐኪም አልነበረም። የዘመኑ የገነነ ትምህርት ሕመሙ ያለው በልብ ጡንቻ እንጂ በቫልቩ አይደለም ይል ነበርና።

ሕክምናው ሥር የሰደደው ከ23 ዓመታት በኋላ፣ በ1948 ቤይሊና ሃርከን በአሜሪካ፣ ብሮክም በለንደን በተሳካ ሁኔታ ሲያከናውኑት ነው። በ1960 ደግሞ አልበርት ስታር ከመሐንዲሱ ሎውል ኤድዋርድስ ጋር የሠራውን ባለ ኳስ ሰው ሠራሽ ቫልቭ ተከለ፤ የታመመውን ቫልቭ ከማስፋት አልፎ መተካትም ተቻለ።

ይህ ታሪክ እኛንም ይመለከታል። የሪውማቲክ የልብ ሕመም በአገራችን ዛሬም ወጣቶችን ያጠቃል። ሰው ሠራሽ የብረት ቫልቭ የተተከለለት ሰው ደግሞ ዕድሜ ልኩን ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ መድኃኒትና ተደጋጋሚ የደም ምርመራ ያሻዋል፤ ይህም ከጤና ተቋም ርቆ ለሚኖር ገበሬ ቀላል አይደለም። በሚቻልበት ጊዜ የራሱን ቫልቭ መጠገን የሚመረጠው አንድም በዚህ ምክንያት ነው። የሱታር ዘመን ሐኪሞች ጡንቻውን ሲያዩ ቫልቩን ዘነጉ፤ እኛም ቫልቩን ስናይ ባለቤቱን እንዳንዘነጋ።