ፀጉራችን ቁጥር ያገኘው ከየት ነው?

በቁጠባ ቀናችን ቡናው እስኪፈላ ታናናሽ አባሎቻችን «የእኔ 4ቢ ነው»፣ «የእኔ 3ሲ ነው» ሲባባሉ እንሰማለን። እኛ ልጆች ሳለን ለፀጉር የምናውቀው ስም ሁለት ብቻ ነበር፤ ዞማ እና ከርዳዳ። የመጀመሪያው ሙገሳ፣ ሁለተኛው ስድብ ነበር። ቁጥሩ ከየት እንደመጣ የማጣራቱ ሥራ የደረሰው ለሒሳብ ክፍላችን ነው።

ፀጉርን መመደብ ሰውን ለማበላለጥ ያገለገለበት ዘመን ነበር። ጀርመናዊው ኦይገን ፊሸር እ.ኤ.አ. በ1908 ዛሬ ናሚቢያ ወደምትባለው አገር ሄዶ የሬሆቦትን ክልስ ሕዝብ አካል ለካ፤ ፀጉራቸውንም መረመረ። በኋላ የናዚን የዘር ፖሊሲ ከደገፉ ምሁራን አንዱ ሆነ። ደቡብ አፍሪካ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1950 እያንዳንዱን ሰው በዘር የሚመዘግብ ሕግ አወጣች። የሰው ዘር ሲያጠራጥር ፀጉር ውስጥ እርሳስ ይሰካ ነበር። እርሳሱ ከወደቀ «ነጭ»፣ ከቀረ «ክልስ» ይባላል። መኖሪያውም፣ ትምህርት ቤቱም፣ ትዳሩም በዚያ ምድብ ይወሰናል። ሕጉ የተሻረው በ1991 ነው።

ዛሬ ልጆቻችን የሚጠቀሙበት ቁጥር ግን የመጣው ከፀጉር ሥራ ነው። የኦፕራ ዊንፍሬይ ፀጉር ሠሪ የነበረው አንድሬ ዎከር እ.ኤ.አ. በ1997 ባሳተመው መጽሐፍ ፀጉርን በአራት ከፈለ፤ 1 ሉጫ፣ 2 ሞገድ ያለው፣ 3 ጥቅልል፣ 4 እጅግ የተጠቀለለ። ፊደሎቹ የጥቅልሉን መጥበቅ ያሳያሉ።

ቤት ውስጥ ለማወቅ ብዙ ወጪ የለውም። ፀጉርን ታጥቦ፣ ቅቤም ቅባትም ሳይነካው፣ ሳያበጥሩ በራሱ እንዲደርቅ መተው ነው። ፒያስትራ ወይም ኬሚካል የነካው ፀጉር ስለሚያሳስት ከሥሩ አዲስ የበቀለውን እንይ። ከግንባር፣ ከመሐልና ከማጅራት አንዳንድ ዘለላ ነጭ ወረቀት ላይ እናስቀምጥ፤ የአንድ ሰው ፀጉር ሁለት ሦስት ዓይነት ሊሆን ይችላል። ውፍረቱን ከስፌት ክር ጋር እናስተያይ። ውሃ ስንረጨው ጠብታው ላዩ ላይ ከቆየ ፀጉሩ እርጥበት ቶሎ አይቀበልም ማለት ነው።

ጥቅልሉ በጠበቀ ቁጥር የራስ ቆዳ የሚያመነጨው ወዝ እስከ ጫፉ ለመድረስ ይቸገራል፤ ፀጉሩም ይደርቃል። እናቶቻችን ቅቤ ቀብተው ሹሩባ ሲሠሩን ምክንያት ነበራቸው።

ይህን የምንጽፈው የብድር መዝገባችንን ስላየን ነው። ለንግድ የተበደርነው ገንዘብ ጥቂቱ ወደ ፀጉር ማለስለሻ ሄዷል። ከእኛ አንዷ ለሠርግ ብላ የተቀባችው ኬሚካል ራሷን አቁስሏት ሁለት ሳምንት ከሥራ ቀርታለች፤ ክፍያዋም ዘግይቷል። በአንዳንዱ ማለስለሻ ውስጥ ያለው ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ቆዳ ያቃጥላል። ያቺ አባላችን ፀጉሯን የተቀባችው በልጅነቷ ከርዳዳ ስትባል ስላደገች እንደሆነ ነግራናለች።

በሒሳብ ሥራ ለእያንዳንዱ ወጪ የመለያ ቁጥር እንሰጣለን። 4 ቁጥር ከ1 ቁጥር አያንስም፤ የት እንደሚመዘገብ ብቻ ይነግረናል። የፀጉራችንንም ቁጥር እንዲሁ እንያዘው። በሚቀጥለው ስብሰባ ፀጉራችሁን ታጥባችሁ፣ መስታወትና ነጭ ወረቀት ይዛችሁ ኑ፤ አብረን እናያለን።