የአዲስ አበባ የሕዝብ ማመላለሻ፤ ወጪው በማን ላይ ወደቀ?

ስለ ከተማ መጓጓዣ ሲነገር ብዙውን ጊዜ የሚነሣው የመኪናው ማነስና የሰልፉ ርዝመት ነው። ይሁን እንጂ ከዚህ አስቀድሞ ሊመረመር የሚገባው ሌላ ነገር አለ፤ ይኸውም መኪናው የሚገዛበት፣ የሚጠገንበትና ነዳጅ የሚቀዳበት ገንዘብ ከማን ኪስ እንደሚወጣ ነው። የአዲስ አበባን የሕዝብ ማመላለሻ ታሪክ በዚህ በኩል ስንመለከተው፣ ከተማይቱ መጓጓዣዋን ስታስፋፋ የኖረችው በአጋጣሚ በተገኘ ንብረትና በብድር እንጂ በየዓመቱ ሳይቋረጥ በሚገባ ገቢ አለመሆኑን እንረዳለን። ስለዚህ መግዛት ተችሏል፤ የተገዛውን ማቆየት ግን አልተቻለም።

ነገሩ ከመነሻው እንዲህ ነበር። ከጠላት ወረራ በኋላ በ1930ዎቹ ዓመታት ሥራው የተጀመረው ጣሊያን ትቷቸው በሄደ ጥቂት መኪኖች ነው። በምርኮ ዕቃ ዕዳ የሚገባ ሰው የለም። የምርኮ መኪና ሲያረጅ ግን የሚተካው ሌላ ምርኮ አይገኝም። ቆይቶም ሥራው ወደ አክሲዮን ማኅበር ተላለፈ፤ ሕዝቡም «አንበሳ አውቶቡስ» የሚለው ይኸው ነው። አክሲዮን ማኅበር ትርፍ መፈለጉ የማይቀር ነው፤ ትርፉ ደግሞ የሚለቀመው ከተሳፋሪው ሳንቲም ነው። ከባለ አክሲዮኖቹ መካከል የንጉሣውያን ቤተ ሰብ አለበት ተብሎ በሰፊው ይነገር ስለ ነበረ የቲኬት ዋጋ የሒሳብ ጉዳይ ብቻ ሆኖ ሊቀር አልቻለም።

ይህም በግልጥ የታየው በ1966 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዓመት መጀመሪያ በዐረቦችና በእስራኤል መካከል በተነሣው ጦርነት ምክንያት የነዳጅ ዋጋ በዓለም ገበያ ናረ፤ በአገራችንም ቤንዚን በመቶ 50 ያህል ጨመረ። ታክሲ ነጂው በመካከል ተያዘ። ጭማሪውን ራሱ እንዳይችለው ገቢው አይበቃም፤ በተሳፋሪው ላይ እንዳይጥለው ተሳፋሪው ከእርሱ የባሰ ድኻ ነው። ሰኞ የካቲት 11 ቀን ታክሲዎቹ ሥራ አቆሙ። በዚያው ቀን መምህራን «ሴክተር ሪቪው» የተባለውን የትምህርት ዕቅድ ተቃውመው አድማ መቱ፤ ተማሪዎችና ሥራ ፈት ወጣቶችም በአንበሳ አውቶቡሶች ላይ ድንጋይ ወረወሩ። በየካቲት 16 ንጉሠ ነገሥቱ የቤንዚን ዋጋ እንዲቀነስ አደረጉ። ነገር ግን ወታደሩ ቀድሞውንም መነሣሣት ጀምሮ ስለ ነበር፣ ወሩ ሳያልቅ የአክሊሉ ሀብተ ወልድ ካቢኔ ሥልጣኑን ለቀቀ።

አብዮቱ በቤንዚን ምክንያት መጣ ማለት ስሕተት ነው። የወሎ ረኃብ፣ የወታደሩ ደመወዝና የመሬት ጥያቄ ከዚህ እጅግ የከበዱ ምክንያቶች ናቸው። ቢሆንም ከዚያ በኋላ የመጡት ባለ ሥልጣኖች ሁሉ ከየካቲት የወሰዱት አንድ ትምህርት ያለ ይመስለኛል፤ እርሱም የቲኬት ዋጋን መንካት አደገኛ መሆኑ ነው።

በደርግ ዘመን አንበሳ የመንግሥት ሆነ፤ ታሪፉም ዝቅ ብሎ ቆየ፤ ልዩነቱን መንግሥት ቻለ። ይህ ለድኻው ትልቅ ነገር እንደ ነበረ አይካድም። ግን የመንግሥት ገንዘብ ለጦርነት ሲውል ለአውቶቡስ መለዋወጫ የሚተርፍ ብዙ አይደለም። ተሳፋሪው በሳንቲም ያልከፈለውን በሰዓት ከፈለ፤ በሰልፍ ቆሞ። ተሳፋሪዎች ፊት ለፊት የሚቀመጡባትን ታክሲ ሕዝቡ «ውይይት» ብሎ የሰየማት በዚያው በየቀበሌው ስብሰባና ውይይት በበዛበት ዘመን ነው። አሽሙሩ ግልጥ ነው።

ከ1984 ዓ.ም. ወዲህ የታክሲ ሥራ ለግል ባለሀብት በሰፊው ተለቀቀ፤ ሚኒባሶችም ከተማውን ሞሉት። የመኪናውን ዋጋ ባለቤቱ፣ ምናልባትም ዕቁብ ጥሎ ወይም ከዘመድ ተበድሮ፣ ራሱ ስለሚችል ማዘጋጃ ቤቱ የግዢ ወጪ ሳይኖርበት ከተማው መጓጓዣ አገኘ። ነገር ግን ለራሱ አትራፊ የሆነውን መንገድ የሚመርጠው ባለ ታክሲው ነው። ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ኮንዶሚኒየም በጀሞ፣ በየካ አባዶ፣ በቱሉ ዲምቱ ሲሠራ፣ የከተማው ሰው ሥራውን በመሀል ትቶ ወደ ዳር ወጣ። ቤቱ በርካሽ ተሰጠ፤ ከቤቱ እስከ ሥራው ያለው መንገድ ዋጋ ግን በነዋሪው ላይ ወደቀ።

መልስ ይሆናል የተባለው ቀላል ባቡር ነው። መስከረም 9 ቀን 2008 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር በአፍሪካ ከሰሐራ በታች ከተሠሩት የመጀመሪያዎቹ አንዱ ነበር። 475 ሚሊዮን ዶላር ወጣበት፤ ከዚህም በመቶ 85 ያህሉ የቻይና ኤክስፖርት ኢምፖርት ባንክ ብድር ነው። ሁለቱ መሥመሮች፣ ማለትም ከአያት ጦር ኃይሎች እና ከምኒልክ አደባባይ ቃሊቲ የሚሄዱት፣ በአንድነት 39 ጣቢያና 41 ባቡሮች ነበሯቸው። ሲከፈት የቲኬቱ ዋጋ ከ2 እስከ 6 ብር ነበር። እዚህ ላይ ሒሳቡን ማስተዋል ያስፈልጋል። ዕዳው በዶላር ነው፤ መለዋወጫውም በዶላር ነው፤ ገቢው ግን በብር፣ ያውም በጥቂት ብር ነው። ስለዚህ ባቡሩ ብዙ ሰው በጫነ ቁጥር መለዋወጫው ቶሎ ያልቃል እንጂ መግዣው ዶላር አይጨምርም። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ከ41ዱ አብዛኞቹ በመለዋወጫ እጦት ቆሙ። በሐምሌ 2016 ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ሲወሰን፣ ያው ዕዳ በብር ሲቈጠር እጅግ ከፍ አለ።

የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ የጫግኒ ልጅ እንደ መሆኔ መጠን ነገሩ ከሌላ በኩልም ይታየኛል። ጫግኒ ባቡር የለም፤ የማዘጋጃ ቤት አውቶቡስም የለም። ወደ እንጅባራ የሚሄድ ሰው በሚኒባስ ይሄዳል፤ የመኪናውን ዋጋና ጥገናውን የሚመልሰው የእርሱ ቲኬት ነው። የባቡሩን ብድር የተበደረው ግን ማዘጋጃ ቤቱ ሳይሆን የፌዴራል መንግሥት ድርጅት ነው፤ መክፈያውም ዶላር የሚገኘው ከቡናና ከሰሊጥ ነው። በመተከል ቆላ ሰሊጥ የሚያጭድ ገበሬ ከአያት እስከ ጦር ኃይሎች አንድ ቀን ሳይሳፈር ለመሥመሩ ይከፍላል ማለት ነው። ጓደኞቼ ይህን ስነግራቸው «ዋና ከተማ የሁሉ ነው» ይሉኛል። እውነት ነው፤ የጫግኒ ሰውም ለሕክምናና ለጉዳይ መጥቶ በዚያው ሰልፍ ይቆማል። ቢሆንም የሁሉ የሆነው ከተማ ከመጓጓዣው የሚያገኘው ልዩ ጥቅም አለ፤ የመጀመሪያው ሒሳብ ከዚያ መያዝ ነበረበት።

ይህ ልዩ ጥቅም መሬት ነው። ባቡር ወይም ሰፊ መንገድ ባለፈበት ሁሉ የቦታ ዋጋ ይወጣል። የከተማ ቦታ በ1967 ዓ.ም. አዋጅ የመንግሥት ሆኗል፤ ከ1986 ጀምሮም በሊዝ ይሰጣል። እንግዲህ ጭማሪውን ለመሰብሰብ ከእኛ የተሻለ ሕግ ያለው አገር ብዙ አይደለም። ሆንግ ኮንግ የምድር ባቡሯን ያስፋፋችው በጣቢያዎቹ ላይና አጠገብ ባለው ቦታ ላይ ሕንፃ የማሠራት መብት ለባቡር ድርጅቱ ሰጥታ ነው። ፓሪስ ደግሞ በፈረንጅ አቆጣጠር በ1971 አሠሪዎች ከሚከፍሉት ደመወዝ ልክ ለመጓጓዣ እንዲያዋጡ ሕግ አወጣች፤ ሠራተኛውን በሰዓቱ የሚያደርስላቸው አውቶቡስ ስለ ሆነ። ይህ አሳብ ለእኛም እንግዳ አይደለም። በአዲስ አበባ የመንግሥት ሠራተኞችን በነፃ የሚያመላልሱ ሰርቪስ አውቶቡሶች አሉ፤ ያም ማለት አንዱ አሠሪ፣ መንግሥት፣ ለራሱ ሠራተኛ ብቻ ይከፍላል። የሱቁና የፋብሪካው ሠራተኛ ግን በዚያው መንገድ ዳር ቆሞ ሰርቪሱ ሲያልፍ ያያል።

ከሐምሌ 2014 ወዲህ የነዳጅ ድጎማው ቀስ በቀስ እየተነሣ ለሕዝብ ማመላለሻ መኪኖች ብቻ እንዲሰጥ መደረጉን ከ1966ቱ ጋር ማነጻጸር ይቻላል። በዚያን ጊዜ ለቤት መኪናውም ለታክሲውም ዋጋው በአንድ ጊዜ ወጣ፤ በዚህኛው ግን ሁለቱን ለመለየት ተሞክሯል። ይህ መልካም እርምጃ ነው። ሆኖም ድጎማ የዛሬውን ነዳጅ ይሞላል እንጂ ለነገ አውቶቡስ አይገዛም።

በሊዝ አሳቤ ላይ አንድ ከባድ ተቃውሞ አለ። የቦታ ዋጋ በወጣ ቁጥር ድኻው ከመሀል ይነሣል፤ በ2016 ከፒያሳ እንደ ተነሡት ሰዎች ወደ ዳር ይወጣል፤ የመጓጓዣ ፍላጎቱም ይጨምራል። በዚህ ሁኔታ መጓጓዣውን የሚከፍለው ገንዘብ የመጣው መንገዱን ከሚያረዝመው ምክንያት ነው። ለዚህ ሙሉ መልስ የለኝም። ነገር ግን ጭማሪው አሁንም እየተሰበሰበ በከተማው ጠቅላላ በጀት ውስጥ ይገባል፤ ለየትኛው አውቶቡስ መለዋወጫ እንደሚውል ማንም አይለየውም። በመሥመሩ ዳር ከሚሰጠው ቦታ የሊዝ ገቢ የተወሰነ ድርሻ በተለየ ሒሳብ ቢቀመጥና ከጥገና በቀር ለሌላ እንዳይነካ በደንብ ቢከለከል፣ ቢያንስ በቃሊቲና በአያት ግቢ ለቆሙት ባቡሮች መንኰራኵርና ብሬክ ለመግዛት የውጭ ብድር አይጠበቅም ነበር።